ለልጃችሁ በሽታ «መድኃኒት የለውም» ሲባል፦ በበጎ ፈቃድ ከሚሠሩ ሳይንቲስቶች ጋር ሆኜ ያየሁት

በሙያዬ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቀን ቀን ለእንጀራዬ ላብራቶሪ እውላለሁ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ እምብዛም የማይታይ የዘረመል በሽታ ላለባቸው ልጆች ሕክምና ከሚያፈላልጉ ሳይንቲስቶች ጋር በነፃ እሠራለሁ። በመካከላችን ከመድኃኒት ኩባንያ በጡረታ የወጡ ኬሚስት አሉ፣ የዶክትሬት ተማሪዎች አሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ አለ፣ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም አለች። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ከቤተሰብም ሳንቲም አንቀበልም። ይህን የምጽፈው ሐበሻ ወላጆች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው። የልጃቸውን የምርመራ ውጤት ይዘው በአማርኛ የሚያስረዳቸው ጽሑፍ ያጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ያለውም የተጻፈው ለባለሙያ ነው።

በአሜሪካ ሕግ እምብዛም የማይታይ የሚባለው በአገሪቱ ከ200,000 ያነሰ ሰው የያዘ በሽታ ነው። ሕጉ የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዓላማውም ኩባንያዎች ለእንዲህ ያሉ በሽታዎች መድኃኒት እንዲሠሩ ማበረታታት ነበር። የበሽታዎቹ ዓይነት ከ7,000 ይበልጣል፤ አብዛኞቹ መነሻቸው ዘረመል ነው፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉም ልጆች ናቸው። ከመቶው በሽታ ለዘጠና አምስቱ ያህል እስከ ዛሬ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በዓለም ላይ ሠላሳ ልጅ ብቻ ለያዘ በሽታ መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ወጪውን የሚመልስበት ገበያ አያገኝም። በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚገቡት ወላጆች፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሐኪሞችና ትርፍ ሰዓታቸውን የሚሰጡ ተመራማሪዎች ናቸው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ቤተሰቡ የዘረመል ምርመራውን ውጤት ይልክልናል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነን እንይዘዋለን። አንዱ ስለዚያ ጂን የተጻፈውን ጥናት ሁሉ ያነባል። ሌላው ሚውቴሽኑ፣ ማለትም በጂኑ ላይ ያለው ለውጥ፣ ጂኑ የሚሠራውን ፕሮቲን ምን እንዳደረገው ያጣራል፦ ጨርሶ ጠፍቶ ነው፣ አንሶ ነው፣ ወይስ ከልክ በላይ በዝቶ? ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ ነው፤ የጎደለ ይተካል፣ የበዛ ይገታል። ሦስተኛው ሰው ለሌላ በሽታ ተፈቅዶ ገበያ ላይ ካለ መድኃኒት ውስጥ ለዚህ ልጅ የሚሆን ይኖር እንደሆነ ይፈትሻል። ያገኘነውን ጽፈን ለወላጆቹና ለልጁ ሐኪም እንሰጣለን። መድኃኒት አናዝም። «ይህን ስጡት፣ ያንን አቁሙ» አንልም። ያ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ከዚህ ወሰን አልፎ ከሐኪማችሁ ጀርባ መድኃኒት የሚያዝላችሁ «በጎ ፈቃደኛ» ካጋጠማችሁ ራቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሳይንቲስት በነፃ ማግኘት የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ልጁን ማግኘት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ኖሯል፤ ለእነዚህ ልጆች ደግሞ ተረቱ እንዳለ እውነት ነው። በዓለም ላይ ሠላሳ ልጆች ያሉበት በሽታ ሕክምናው የሚጀምረው እነዚያ ሠላሳ ቤተሰቦች ሲገናኙ ነው። በሽታው በአምስት ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጂን ማቸር የተባለው አገልግሎት አንድ ዓይነት ጂን ላይ ለውጥ ያለባቸውን ልጆች ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ለዚሁ ነው። ስሙ የትም ያልተመዘገበ ልጅ ግን ለተመራማሪው የለም ማለት ነው።

እኛ ጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል። እናትየዋ ማኅበሩንም፣ ልደቱንም፣ ክርስትናውንም ትተዋለች። አባትየው «ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ ደኅና ነው» እያለ ዓመት ያልፋል። አልፈርድባቸውም፤ ሰው የሚለውን ስለሚያውቁ ነው። ቢሆንም ዝምታው ልጁን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስከፍለው በቅርብ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንዲት ልጅ ላንሳ። ወላጆቿ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። ወደ እኛ ስትመጣ አራት ዓመቷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ብዙ መድኃኒት ተሞክሮ አልያዘላትም። ስትራመድ ትንገዳገዳለች፤ የምትናገረውም ጥቂት ቃል ነው። የዘረመል ምርመራዋ ኤስኤልሲ2ኤ1 በሚባል ጂን ላይ አንድ ለውጥ አሳይቷል፤ ሪፖርቱ ግን «ትርጉሙ ገና ያልተረጋገጠ» ይለዋል። ሕክምና ቦታውም በዚያው ተወው።

እናትየዋ ግን ደብተር ነበራት። ባለ ጠንካራ ልባስ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ደብተር ነው። እያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ጽፋዋለች፦ «ጥቅምት 3፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፣ ሁለት ደቂቃ።» «ጥቅምት 5፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል።» «ጥቅምት 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበላ። ጁስ ሰጠኋት፣ ነቃች።» እንዲህ እያለ ገጽ በገጽ ይቀጥላል። በሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ የሚጥላት እኩለ ቀን አካባቢ እንደሆነ ተጽፏል። እናትየዋ «12 ሰዓት፣ 1 ሰዓት» ብላ በኛ አቆጣጠር ተናግራ፣ ሰሚው በራሱ ሰዓት ጽፎት ነው። ደብተሩን ቁጭ ብዬ ወደ አሜሪካ ሰዓት ስመልሰው ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከሌሊቱ አምስት እስከ ጠዋቱ ሰባት ባለው ጊዜ ላይ አረፉ። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ሳትበላ አድራ፣ ገና ቁርስ ሳይቀርብ ማለት ነው።

ይህ ለሚያውቀው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ያ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ግሉት1 ይባላል፤ ስኳር ከደም ወደ አንጎል የሚገባበት በር ነው። በሩ ሲጠብ ደሟ ውስጥ ስኳር ሞልቶ አንጎሏ ይራባል፤ ሆዷ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። በሽታውን ዳሪል ዴ ቪቮ የተባሉ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ነው የገለጹት። ማረጋገጫው ከባድ አይደለም፦ ልጁ ጥቂት ሰዓት ሳይበላ ከጀርባ ፈሳሽ ይወሰድና በውስጡ ያለው ስኳር ከደሙ ስኳር ጋር ይነጻጸራል። ያገኘነውን ለሐኪሟ ጻፍን፤ ሐኪሟም ምርመራውን አዘዘች።

እዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት ገጠመን። አያትየዋ ከአገር ቤት ደውለው «የጀርባ ውሃ የተወሰደበት ሰው ሽባ ይሆናል» ብለው አለቀሱ። ይህን ፍርሃት ከብዙ ቤተሰብ ሰምቼዋለሁ። እናትየዋን በስልክ አገኘኋት፦

«እህቴ፣ መርፌው የሚገባው የአከርካሪ ገመዱ ካለቀበት በታች ነው። ገመዱን አይነካውም።»

«እማዬን እንዴት ላሳምናት ዶክተር? ልጄን ልትገድሉ ነው እያለች ነው።»

«የእማማን ስልክ ቁጥር ስጪኝ፣ ደውዬ እኔ ላስረዳቸው።»

ከእማማ ጋር ረዘም ያለ ጊዜ አወራን። በመጨረሻ «እንግዲህ እመብርሃን ትከተላት» አሉ። ውጤቱ ሲመጣ የደሟ ስኳር ደኅና ነው፣ የጀርባዋ ፈሳሽ ስኳር ግን በጣም ዝቅ ብሏል። ወላጆቿም ተመረመሩ፤ ለውጡ እናትም አባትም ላይ የለም፣ በእሷ የጀመረ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ «ያልተረጋገጠ» የተባለው ለውጥ የበሽታው ምክንያት መሆኑ ታወቀ።

ሕክምናው ምግብ ነው። አንጎል ስኳር ሲያጣ ከስብ የሚገኝ ኪቶን የሚባል ነገር መጠቀም ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ስብ የበዛበት፣ ስኳርና ስታርች እጅግ ያነሰበት ምግብ ትበላለች። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ድንች የለም፣ ጁስ የለም። ሐበሻ እናት ልጇን እንጀራ ስትከለክል ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። የምግብ ባለሙያዋ ስለ ወጥ የምታውቀው አልነበረምና ከእናትየዋ ጋር እየተመካከሩ አወጡት፦ እንቁላል በብዙ ንጥር ቅቤ፣ ጎመን በቅቤ፣ ለብለብ ያለ ክትፎ፣ አቮካዶ፣ ሁሉም በግራም ሚዛን እየተለካ። ጾም ሲገባ እናትየዋ ተጨነቀች። የንስሐ አባቷ ግን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለጾም እንደማይገደድ፣ ይህ ደግሞ መድኃኒት እንደሆነ ነግረው አሳረፏት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንቀጥቀጡ በብዙ ቀነሰ። አረማመዷም ጸና። ንግግሯ አሁንም ወደኋላ ነው፤ ሕክምናው ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ ከዚህ በተሻለች ነበር ብዬ አምናለሁ። በሽታው በታወቀ ቁጥር ቶሎ መጀመር እንደሚሻል ሐኪሞቹ ሁሉ ይስማማሉ።

ሁለት ነገር ከዚህ ጋር አያይዤ ልናገር። ይህን ምግብ ማንም ወላጅ ቤቱ በራሱ አይጀምረው። ስብን ማቃጠል የማይችል የዘረመል በሽታ ያለባቸው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ይኸው ምግብ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ቀድሞ በደም ምርመራ መጣራት አለበት። ሁለተኛው የጸበል ጉዳይ ነው። ልጅቷን አንድ ክረምት አገር ቤት ወስደዋት በሌሊት፣ ምግብ ሳትቀምስ ሰልፍ ላይ ቆማ ጥሏታል፤ ያየውም ሰው የመንፈስ ነገር አደረገው። እኔም በጸበል ያደግሁ ነኝ፤ ተዉት አልልም። ሆዱ ባዶ ሲሆን የሚጥለው ልጅ ያለው ወላጅ ግን ያንን ለካህኑም ለሐኪሙም ይንገር። ካህኑ ለታመመ ሕፃን መላ አያጡለትም።

እንዲህ ያለ፣ ሕክምናው ቀድሞ የታወቀና የሚደረስበት በሽታ ከሚታሰበው በላይ አለ። በቫይታሚን ቢ6 ብቻ የሚቆም የሕፃናት መንቀጥቀጥ አለ። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን በመስጠት የሚታከም አለ። ነርቭንና መስማትን የሚጎዳ፣ በከፍተኛ መጠን ሪቦፍላቪን የሚረጋጋ አለ። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር የዘረመል ምርመራ የማግኘት ዕድል የሌለው ወላጅ ቢያንስ የሕፃናት ሐኪሙን «በቫይታሚን የሚታከም ዓይነት ሊሆን ይችላል ወይ? ሊሞከር ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሙከራው በሐኪም ዓይን ሥር መሆን አለበት፤ ቢ6 በደም ሥር ሲሰጥ ትንፋሽ የሚያቆምበት ሕፃን አለና።

«ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ» የሚለው ቃል እኛ ላይ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ላብራቶሪው የልጃችሁን ዲኤንኤ የሚያነጻጽረው ቀድሞ ከተሰበሰበ የብዙ ሰው ዲኤንኤ ጋር ነው፤ ያ ክምችት ደግሞ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የመጣ ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደና ምንም የማያደርግ ለውጥ ለእነሱ አዲስ ይሆንባቸዋል፤ እውነተኛው የበሽታ ምክንያት ደግሞ በነዚህ መሐል ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ይህ ቃል ካለ ነገሩ አላለቀም። ሁለቱም ወላጆች ተመርመሩ። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ላብራቶሪው ያንኑ መረጃ እንደገና እንዲያየው ጠይቁ፤ አዲስ ደም ሳይወሰድ፣ የእውቀቱ መጨመር ብቻ መልሱን የሚቀይርበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ተጋብተን ይህ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ዘር መቁጠሩ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ከሁለቱም ወገን የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ነገር ግን እያንዳንዳችን የማናውቃቸውን ጥቂት የተበላሹ ጂኖች ተሸክመን እንዞራለን፤ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም አንድ ዓይነቱን ሊይዙ ይችላሉ። ከላይ እንዳልኳት ልጅ ደግሞ ከማንም ሳይወረስ በልጁ የሚጀምር አለ። «በእሷ ወገን ነው፣ በእሱ ወገን ነው» እየተባባሉ ትዳር የፈረሰባቸውን አይቻለሁ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ልጁም በዚህ ሰዓት ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል።

አሁን መድኃኒት ጨርሶ ስለሌላቸው። ብዙ ጊዜ የማነሳው ምሳሌ ሚሺጋን ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ የሆነውን ነው። የዘረመል ሐኪሙ ካሌብ በፕ አንዲት ፀጉር የሌላት፣ እድገቷ የዘገየ ሕፃን ታጋጥማቸዋለች፤ ችግሯ ኦዲሲ1 የሚባል ጂን ላይ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ አንድሬ ባክማን የተባሉ ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ያንኑ ጂን በካንሰር ሲያጠኑ ኖረዋል። ተገናኙ። የልጅቷ ሚውቴሽን ያ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም በጊዜው እንዳይወገድ አድርጎ እንዲከማች ያደርገዋል፤ ያንን ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት ደግሞ ከዱሮም አለ። ኤፍሎርኒቲን ይባላል፤ በአፍሪካ ለእንቅልፍ በሽታ ሲሰጥ የኖረ ነው፣ ቆላ አገር ከብት ለሚጨርሰው ገንዲ ዘመድ ለሆነው የሰው በሽታ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ ለአንዷ ልጅ ብቻ እንዲሰጥ ፈቀደ። መድኃኒቱን ስትጀምር ፀጉሯና ቅንድቧ በቀለ፣ ጉልበቷም ተሻሻለ። በሽታው ዛሬ ባክማን-በፕ ሲንድሮም ተብሎ በሁለቱ ስም ይጠራል። ይህን የማነሳው ሁሉም ልጅ እንዲህ ይቀናዋል ለማለት አይደለም። ለአንዱ በሽታ የሚሆነው እውቀት በሌላ በሽታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ እንደሚችል ያሳያልና ነው። በየምሽቱ የምናስሰውም እንዲህ ያለውን ነው።

ለአንድ ልጅ ተብሎ የሚሠራ መድኃኒትም መጥቷል። ሚላ የተባለች የኮሎራዶ ልጅ ባተን የሚባለው የአንጎል በሽታ ነበረባት። የመጀመሪያው ምርመራ ካለባት ሁለት ሚውቴሽን አንዱን ብቻ ነው ያገኘው። እናቷ ያሰራጨችው ጥሪ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ላለው ለዶክተር ቲሞቲ ዩ ደረሰ፤ የእሱ ቡድን ሙሉ ዲኤንኤዋን አንብቦ ሁለተኛውን አገኘ። ከዚያም አርኤንኤዋ (ከጂኑ የሚገለበጠው መልእክት) ላይ ተለጥፎ ስህተቱን የሚሸፍን አጭር የዘረመል ቁራጭ ሠሩላት፤ በስሟም ሚላሰን ተባለ። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሕክምናው ጀመረ። መንቀጥቀጧ ቀነሰ። በሽታው ግን ብዙ ርቆ ነበርና በ2021 እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመቷ አረፈች። በእሷ በኩል ግን መንገዱ ለሌሎች ተከፈተ። ስታንሊ ክሩክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኤን-ሎረም ፋውንዴሽን ይህንኑ ዓይነት መድኃኒት በዓለም ላይ ከሠላሳ የማይበልጥ ሰው ለያዘ በሽታ ይሠራል፤ ለታማሚውም ዕድሜ ልክ በነፃ ይሰጣል። ማመልከቻውን የሚያስገባው ሐኪሙ ነውና ሐኪማችሁን ጠይቁ። አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደንን ማዕከል ያደረገ፣ ትርፍ የማያገኝ የአርኤንኤ ሕክምና ማዕከል አለ።

በ2025 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ኬጄ የተባለ ሕፃን ሲፒኤስ1 በሚባል ጂን ጉድለት ምክንያት አሞኒያ በደሙ ይከማች ነበር። ርብቃ አረንስ-ኒክላስና ኪራን ሙሱኑሩ የመሩት ቡድን የእሱን ሚውቴሽን ብቻ የሚያርም ሕክምና በስድስት ወር ውስጥ አዘጋጅቶ ሰጠው። ይህ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የተከማቸ ምርምርና የብዙ ተቋም ትብብር ከጀርባው ነበር። ዜናውን ያየ ወላጅ ሁሉ «ለልጄስ?» ብሎ ይጽፍልናል። መልሱ ከጂን ጂን ይለያያል። ጉበት ላይ መድረስ ቀላል ነው፣ አንጎል ላይ መድረስ ገና አስቸጋሪ ነው፤ የልጃችሁ በሽታ ያለው የት አካል ላይ ነው የሚለው ብዙውን ነገር ይወስነዋል።

መልስ ያላገኘንለት ልጅም አለ። አባቱ ጀርመን ይኖራል። ጂኑን አልጠራውም፤ በዓለም ላይ ያሉት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ማንነቱ ይታወቃል። ከክንዱ ከምስር ፍሬ የምታንስ ቆዳ ተወሰደ፤ ከእሷ የወጡ ሴሎች አሁን አንድ ባልደረባችን ጋ፣ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ውስጥ አሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቀጫጭንና ረጃጅም ሆነው በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይተኛሉ። የሚመገቡት ቀይ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲያደላ መለወጥ አለበት፤ እሱ ደግሞ በዓል አያውቅም፣ እሑድ ሄዶ የሚቀይርላቸው ሰው አለ። የተፈቀዱ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ሞከርንባቸው። ተስፋ የሰጠን አንድ መድኃኒት ሙከራው ሲደገም ምንም ሳያደርግ ቀረ። ይህንን ለአባትየው እንዳለ ነገርነው። ያለቀሰበት ቀን አለ። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በዚያው ጂን ልጅ ያላቸውን ወላጆች በብራዚልና በቱርክ ፈልጎ አገኘ፣ በዋትሳፕ አሰባሰባቸው፣ ልጆቹ መቼ እንደተቀመጡ፣ መቼ እንደቆሙ፣ ምን እንደጠፋባቸው በአንድ ሰንጠረዥ እየሞሉ ነው። አንድ ቀን መድኃኒት ሲገኝ ሥራውን የሚለኩት በዚያ ሰንጠረዥ ይሆናል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። በቫይረስ ተሸካሚነት የሚሰጥ የጂን ሕክምና በአብዛኛው አንዴ ብቻ ነው የሚወሰደው፤ ሰውነት ያንን ቫይረስ ለይቶ ስለሚያውቀውና ስለሚዋጋው ሁለተኛው አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኛችሁት ሙከራ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቀጥሎ ምን እየመጣ እንዳለ ጠይቁ። «ስቴም ሴል» እያሉ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ አሉ፤ ቤት ያስሸጡት ሰው አውቃለሁ። በትክክለኛ ምርምር ቤተሰብ ለሚሞከረው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ክሊኒካል ትራያልስ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መመዝገቡም ኤፍዲኤ ፈቅዶታል ማለት አይደለም።

እናንተ በፋርማሲ፣ በባዮኬሚስትሪ፣ በኮምፒውተር፣ በነርስነት ያላችሁ ወገኖቼ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ካላችሁ ትጠቅማላችሁ። ጥናት ማንበብ የሚችል ሰው ሁሌ ያጥረናል፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ የሚያውቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ። የቤተሰቡን ቋንቋና ሰዓት የሚያውቅ ሰው ከመዝገቡ ውስጥ ሌላው የማያየውን ያያል።

ለበጎ ፈቃደኛ ቡድን፣ ለተመራማሪ ወይም ለበሽታው ማኅበር ስትጽፉ መልእክታችሁ አጭር ይሁን። የጂኑን ስምና ከሱ ቀጥሎ ያለውን የፊደልና ቁጥር ኮድ ሪፖርቱ ላይ እንዳለ ገልብጡት፤ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ሌላ በሽታ ይሆናል። ከሪፖርቱ የማጠቃለያ ገጹን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ገጽ ያዙ። ልጁ ሲጥለው፣ ሲራመድ፣ ሲበላ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይኑራችሁ፤ የሞከራችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያልሠራውንም ጭምር፣ ከነመጠኑ ጻፉ። ደብተራችሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ ብቻ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቀኑም ሰዓቱም በኢትዮጵያ ነው» ብላችሁ አስፍሩና ለሐኪሙም ያንኑ ንገሩት። የልጁን ፎቶና ሙሉ ስም ማንነቱን ለማታውቁት ሰው አትላኩ። ሐኪማችሁ እንደምትጽፉ ይወቅ፤ መልስ ሲመጣ የሚያነበው እሱ ነውና ከመጀመሪያው አብሯችሁ ቢሆን ይሻላል።